አዲስ ሰዋስው አልገባ ሲል፦ ጎንደር ላይ ለእንግዳ አማርኛ ለምታስተምሩ

ጎንደር መጥቶ አማርኛ የሚማር እንግዳ የተማረውን ከበር እንደወጣ ይፈልገዋል። ቅዳሜ ገበያ ቀጠሮ አይሰጥም። ስለዚህ ትምህርቱ የቱ ጋ እንደተሰበረ ቶሎ ይታወቃል።

ሰንጠረዡን በቃሉ ይወጣዋል፣ ሲያወራ ግን አይጠቀምበትም

«በልቼ፣ በልተህ፣ በልተሽ፣ በልቶ፣ በልታ» እያለ እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ጠዋት ምን እንዳደረገ ስትጠይቁት ግን «ተነሳሁ። በላሁ። መጣሁ።» ብሎ ያበቃል። ምክንያቱ ቅርጹን ያየው ከጥቅሙ በፊት ስለሆነ ነው።

ሰንጠረዡን ለመጨረሻ አቆዩት። መጀመሪያ የራሳችሁን ጠዋት ተርኩለት፦ «ተነስቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ፣ ባጃጅ ይዤ መጣሁ።» ቀጥሎ ያንኑ ስለ እህታችሁ ንገሩት፦ «ተነስታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ቁርሷን በልታ፣ ባጃጅ ይዛ መጣች።» ምኑ ተለወጠ? እሱ ይንገራችሁ። «ቦዝ አንቀጽ» የሚለው የቅርጹ ስም ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

«ን»ን ያገኘበት ሁሉ ይለጥፋል

ተማሪዋ «ትናንት ዳቦን ገዛሁ» ትላለች። ጥፋቱ የኛ ነው፤ «ን ተሳቢ ላይ (ድርጊቱ በሚያርፍበት ስም ላይ) ይገባል» ብለን አቁመናል። የሚገባው ግን የትኛው እንደሆነ በታወቀ ተሳቢ ላይ ነው። ይህን በቃል ብታብራሩት ይደክማችኋል። በእጅ አሳዩት።

ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰማያዊና አንድ ቀይ እስክሪብቶ አስቀምጡ። «እስክሪብቶ ስጪኝ» በሏት። የትኛውንም ብታነሳ ልክ ናት። «ቀዩን እስክሪብቶ ስጪኝ» ስትሏት ግን አንድ ብቻ ነው። ሁለቱን ሰማያዊ አንሱና «እስክሪብቶውን ስጪኝ» በሏት። አሁን ተራው የሷ ይሁን፤ እሷ ትዘዛችሁ። ጥቂት ቆይታ «ን» እስክሪብቶውን ትቶ «ቀዩ» ላይ መሄዱን ራሷ ታስተውላለች። እኔ ከሁሉም የምወደው ትምህርት ይህ ነው።

ጨዋታው ደምቋል፣ ሰዋስው ግን የለበትም

ወረቀት ይዘው ክፍሉን ይዞራሉ፦ ጥሬ ሥጋ የበላ፣ በቅሎ የጋለበ፣ ጥምቀትን ጎንደር ያከበረ ሰው ፈልጉ ተብለዋል። ሳቅ በሳቅ ነው። ጠጋ ብላችሁ ስትሰሙ ግን «ጥሬ ሥጋ?» «አዎ!» ብቻ ነው የሚባለው። ቅርጹን ሳይጠቀሙ ማሸነፍ ከተቻለ ማንም አይጠቀምበትም። ጥያቄው ሙሉ ካልሆነ መልስ እንዳይሰጥ አድርጉ፦ «ጥሬ ሥጋ በልተሽ ታውቂያለሽ?» መጨረሻ ላይ ያገኙትን ለክፍሉ ይናገሩ፦ «እሷ በቅሎ ጋልባ ታውቃለች፣ እሱ ግን ጋልቦ አያውቅም።» ነጥብ የሚያዘው ለዚህ ነው።

እማማንም «አንተ» ይላል

ሁሉንም መደብ፣ ከ«እኔ» እስከ «እነሱ»፣ በአንድ ቀን አጭቃችሁበታል። ሳምንቱን በሁለት ሰው ብቻ አሠሩት፦ ባጃጅ ነጂውና ጎረቤት ያሉት እማማ። «ትሄዳለህ?» «እማማ፣ ቡና ይፈልጋሉ?» እዚህ ከ«እርስዎ» ጋር «አንቱ»ንም ስለሚሰማ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ሲታረም ዝም ይላል

በየቃሉ አታቋርጡት። «ትናንት ፋሲል ግቢ እሄዳለሁ» ሲል «አሃ፣ ትናንት ፋሲል ግቢ ሄድክ? ከማን ጋር ሄድክ?» በሉት። ብዙ ጊዜ «ከጓደኛዬ ጋር ሄድኩ» ብሎ ራሱ ያስተካክለዋል። ካላስተካከለም ወሬው ይቀጥል፤ ስህተቱን ማስታወሻችሁ ላይ ጽፋችሁ በማግስቱ ከሱ ጀምሩ።