ፊደሉን ይዞ ቃሉን ማደን

ዋሽንግተን ዲሲ መሃል ከተማ፣ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መኪና ጭር ይላል። እኔና ባልደረባዬ ያኔ ስክራብል እንዘረጋለን፤ ፊደልና ነጥብ የተጻፈባቸውን ጠጠሮች ሰሌዳ ላይ እየደረደርን ቃል የምንሠራበት ጨዋታ ነው። ካልሆነም ስልክ ላይ ዎርድል፣ ማለትም የተደበቀ የእንግሊዝኛ ቃል መገመቻ፣ እንገጥማለን። «ይሄን ሁሉ የእንግሊዝኛ ቃል ከየት ነው የምታመጣው?» የሚሉኝ ስለበዙ አካሄዴን ልጻፈው። ምስጢሩ የፊደሎቹን ጠባይ ማወቅ ነው።

መጀመሪያ ጥያቄውን አጥብቡት። «ቪ ያለበት ቃል» ብላችሁ ከጀመራችሁ ጭንቅላት ቀጥ ይላል። ቪ የት ልትቀመጥ ትችላለች? መጨረሻ ላይ መቆም አትወድም። ላቭ፣ ሃቭ፣ ጊቭ ስንል ጆሯችን በቪ ይጨርሳል እንጂ አጻጻፉ ላይ ከኋላዋ ኢ አለች። ስለዚህ ቪ ከደረሰቻችሁ ቶሎ ኢ ፈልጉላት። ስክራብል ላይ ደግሞ ቪ ያለበት ባለ ሁለት ፊደል ቃል የሚባል ነገር የለም፤ አትድከሙ።

ኤክስ ተቃራኒዋ ናት። መጨረሻ ላይ ይመቻታል፦ ቦክስ፣ ታክስ፣ ሲክስ። ደስ የሚለው፣ ከአምስቱም አናባቢዎች ጋር ባለ ሁለት ፊደል ቃል ትሠራለች፦ ኤ-ኤክስ፣ ኢ-ኤክስ፣ ኦ-ኤክስ፣ ኤክስ-አይ፣ ኤክስ-ዩ። 8 ነጥብ ያላት ፊደል በዚህ ቀላል መንገድ ትወጣለች።

ኪው 10 ነጥብ አላት፤ ግን ያለ ዩ አትንቀሳቀስም ይባላል። ትንቀሳቀሳለች! ኪው-አይ አለ። ኪው-ኤ-ቲም አለ፤ እሱ የእኛው ጫት ነው። በኬ-ኤ-ቲም፣ በኬ-ኤች-ኤ-ቲም ቢጻፍ ይያዛል። ቲ-ኢ-ኤፍ-ኤፍ ብላችሁ ጤፍን ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ብርም ገብቷል፣ አር ሁለቴ ተጽፎ። የአሜሪካው የስክራብል መዝገበ ቃላት ይባስ ብሎ ሲያበዛው ቢ-አይ-አር-አር-ኦ-ቲ-ሲ-ኤች ይላል፤ ብሮች መሆኑ ነው። ባልደረባዬ ይሄን «ከኪስህ ያወጣኸው ነው» ብሎ ድርቅ ስላለ ገጹን አውጥቼ አሳይቼዋለሁ። በእጃችን የምንይዘው ሰባት ጠጠር ሲሆን ቃሉ 8 ፊደል ስለሆነ ግን ሰሌዳው ላይ ያለ አንድ ፊደል መጠጋት ግድ ነው።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች የምንቸገርበት ሌላ ቦታ አለ። የሰማነውን መጻፍ ስለለመድን በድምፅ ነው የምንፈልገው። እንግሊዝኛ ለዚያ ግድ የለውም። የኤፍ ድምፅ ፎን ላይ ፒ-ኤች ነው፣ ላፍ ላይ ጂ-ኤች ነው። ናይፍ ደግሞ ፊቱ ላይ ድምፅ የሌላት ኬ ተቀምጣለች። እኔ ኤች ስትደርሰኝ ብቻዋን አላያትም፤ ከሲ፣ ከኤስ፣ ከቲ፣ ከፒ፣ ከጂ ኋላ እየለጠፍኩ ነው የምሞክራት። ኬንም እንደዚሁ፤ ሲ ካለች አጠገቧ።

ስክራብልን የፈጠረው አልፍሬድ በትስ አርክቴክት ነበር። በ1930ዎቹ የትኛው ፊደል ምን ያህል እንደሚደጋገም ለማወቅ ጋዜጣ ላይ ቁጭ ብሎ ቆጠረ። ኢ 12 ጠጠር፣ ኤ እና አይ 9፣ 9፣ ኪው ግን አንድ ብቻ የሆነው ለዚህ ነው። ኤስ 4 ብቻ ናት፤ ያገኛችሁትን ቃል ስለምታበዛላችሁ በከንቱ አታባክኗት።

ሰባት ጠጠር ሲደርሳችሁ የቃል ጅራት ፈልጉ። አይ-ኤን-ጂ፣ ኢ-አር፣ ኢ-ዲ ካለ ወደ ቀኝ ገፋ አድርጉትና የቀረውን ብቻ እዩ። ለምሳሌ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤን፣ ኦ ያዛችሁ እንበል። አይ-ኤን-ጂን ለዩት። ኤ፣ ዲ፣ ኤል፣ ኦ ቀሩ። ሎድ! ሎዲንግ። እኛ ጋ በሩ ላይ በትልቁ የተጻፈ ቃል ነው። ሰባቱንም አንዴ ካወረዳችሁ 50 ነጥብ ምርቃት አለ።

ዎርድል አምስት ፊደል፣ ስድስት ሙከራ ነው። እዚያ የሚገድለው አይ-ጂ-ኤች-ቲ ነው። አራቱ አረንጓዴ ሆነው (ፊደሉም ቦታውም ልክ ነው ማለት ነው)፣ የመጀመሪያው ብቻ ጎድሎ ሰው ላይት፣ ናይት፣ ራይት፣ ፋይት እያለ ሙከራውን ይጨርሳል። አንዱን ሙከራ ሠዉት። ኤፍ-ኦ-አር-ኤም-ኤስ ብላችሁ ጻፉ፤ ፋይት፣ ራይት፣ ማይት፣ ሳይት በአንድ ጊዜ ይጣራሉ። የከበደውን አማራጭ፣ ሃርድ ሞድን ካበራችሁ ግን የተገኙትን ፊደሎች መልሶ መጠቀም ግድ ስለሆነ ይሄ አይፈቀድም።

መሣሪያም አለ። ዋንሉክ የሚባል ድረ ገጽ ላይ የጥያቄ ምልክት በአንድ ፊደል ፋንታ ይቆማል፤ ኮከብ ደግሞ ለስንትም ፊደል። ኮከብ፣ ኪው፣ ኮከብ ብትጽፉ ኪው ያለበትን ሁሉ ያዘንብላችኋል። በጨዋታ መሃል ግን ነውር ነው። እኔ የምከፍተው ካለቀ በኋላ፣ ምን እንዳመለጠኝ ለማየት ነው።

ልምምዱን ከታርጋ ላይ አገኘሁት። የቨርጂኒያ ታርጋ ብዙውን ጊዜ ሦስት ፊደልና አራት ቁጥር ነው። ሦስቱ ፊደሎች በቅደም ተከተል የሚገኙበትን ቃል፣ መኪናው በሩን ሳይወጣ ማግኘት አለባችሁ። ቲ-ኬ-ቲ መጣ እንበል፦ ቲኬት። ዋይ-ቲ-ኤም ከበድ ይላል፤ መልሱ ሪትም ነው፣ ኤ-ኢ-አይ-ኦ-ዩ አንዳቸውም የሉበትም። አናባቢዎቹን አንድ በአንድ በመሃል እያስገባችሁ ሞክሩ። ደብሊው-ዲ-ኤም ስድስት ፊደል ያለው ጥሩ ቃል አለው፤ እሱን እናንተ ፈልጉ።