ኪሎዬን ያስቸገረው እርሾው ነበር

ሴሊያክ፣ ማለትም ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ፣ እንዳለብኝ ከተነገረኝ በኋላ ስንዴና ገብስ እርግፍ አድርጌ ተውኩ። ኪሎዬ ግን መውረዱን አላቆመም። ከ61 ወደ 52። ሱሪዬ ያለ ቀበቶ አልቆም አለ።

«የምበላው እንጀራ ነው፤ ጤፍ ደግሞ ግሉተን የለውም» እያልኩ ሐኪሟን እከራከር ነበር። ጤፍስ እውነትም የለውም። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሱቅ የምገዛው እንጀራ ግን ጤፍ ብቻ አልነበረም። አንድ ቀን የላስቲኩን ጀርባ አነበብኩ፦ ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ። አሜሪካ ውስጥ መቀላቀል የተለመደ ነው፤ እኔ ነኝ ሳላነብ የበላሁት።

ቤት መጋገር ጀመርኩ። ሆዴ አሁንም ይነፋል። ለካስ ጉዱ እርሾው ላይ ነው! የወሰድኩት ከጎረቤቴ ነበር፤ እሷ ደግሞ ጤፉን ከስንዴ ቀላቅላ ነው የምታቦካው። ደፋሁት። ግሉተን የሌለበት የሚል ምልክት ያለው የጤፍ ዱቄት በውሃ በጥብጬ፣ አምስት ቀን ጠብቄ የራሴን እርሾ አወጣሁ። ምጣድም ለየሁ። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን የሚባል አልነበረውም። በላሁት።

በስምንት ወር 60 ገባሁ። ደስ አለኝ። ከዚያ 66 ሆነ፣ ደስታው ቀነሰ። አንጀት ሲያገግም ምግቡን በደንብ ይመጥጣል፤ እኔ ደግሞ እንደ ቀድሞው ለሁለት ሰው እበላለሁ። በዚያ ላይ ማታ ማታ «ግሉተን ፍሪ» ብስኩት አለ፤ የሩዝ ዱቄት፣ ስታርችና ስኳር ነው እኮ! ብስኩቱን ትቼ በምስር፣ በጎመንና በእንቁላል ተካሁት።

አሁን 62 ነኝ። እርሾ ጎረቤቴ ከእኔ ትወስዳለች።