የኦኪናዋን ጥንታዊ ግንቦች እንዴት ትጎበኛላችሁ? ጎሳማሩን ተከተሉ

ወደ ጃፓን ደቡባዊ ደሴት ወደ ኦኪናዋ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ለባሕሩ ነው። ግንብ ካየም በዋና ከተማዋ በናሃ ያለውን የነገሥታቱን ቤተ መንግሥት፣ ሹሪን፣ ነው የሚያየው፤ ፎቶ ይነሳና "ጨረስኩ" ይላል። እኔ ግን ሹሪን መጨረሻ ላይ አድርጉት ባይ ነኝ። ምክንያቱን እንደርስበታለን።

ትንሽ ታሪክ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሪዩክዩ እስከ 1879 ድረስ የራሱ ንጉሥ የነበረው የደሴቶች አገር ነው። በ1609 ከደቡብ ጃፓን የመጡት ሳትሱማዎች ወርረው አስገበሩት፣ ኋላም ጃፓን "የኦኪናዋ ግዛት" ብላ ጠቀለለችው። ከዚያ ሁሉ በፊት ዋናው ደሴት ለሦስት የተከፈለ ነበር፤ ሰሜኑ ሆኩዛን፣ መካከሉ ቹዛን፣ ደቡቡ ናንዛን። ሾ ሃሺ የተባለ የቹዛን ንጉሥ በ1429 አንድ አደረጋቸው። በየኮረብታው የቀሩት ግንቦች ጉሱኩ ይባላሉ። ዩኔስኮ በ2000 አምስቱን ከአራት ተዛማጅ ቦታዎች ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

መጀመሪያ መኪና ተከራዩ። ሹሪ በሞኖሬል (ባንድ ሐዲድ በሚሄደው የከተማ ባቡር) ይደረሳል፣ ሌሎቹን ግን በአውቶቡስ ልዙር ካላችሁ ቀኑ ፌርማታ ላይ ያልቃል። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ የተጻፈውን ዓመት ከአገር ሳትወጡ እዩ፤ ጃፓን የምትቀበለው በ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነት የወጣውን ብቻ ነው። መንዳት በግራ ነው። ፍሬቻው ደግሞ በመሪው ቀኝ በኩል ስለሆነ፣ ለመታጠፍ ስታስቡ የዝናብ መጥረጊያውን መቀስቀሳችሁ አይቀርም። ጫማ የማያንሸራትት ይሁን፣ የኖራ ድንጋይ ሲረጥብ ሳሙና ነው። በጋው ያቃጥላል፣ አውሎ ነፋስም የሚመጣው ያኔ ነው፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ይሻላል።

አንድ ነገር እንዳትረሱ፤ እጃችሁን የካብ ቀዳዳ ውስጥ አትክተቱ፣ ሣር ውስጥም አትግቡ። ሃቡ የሚባል መርዛማ እባብ አለ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ግንቦቹን ዝም ብሎ በካርታ ቅርበት ከመዞር አንድ ሰው መከተል ይሻላል። ሰውየው ጎሳማሩ ይባላል፤ የ15ኛው ክፍለ ዘመን የጦር አለቃና ግንብ አሠሪ ነው።

ናኪጂን ላይ ጀምሩ። ሰሜን ነው፣ ከናሃ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ። የሆኩዛን ንጉሥ መቀመጫ ነበር፤ በ1416 የሾ ሃሺ ጦር ሲሰብረው ጎሳማሩ ከዘማቾቹ አንዱ ነው። ካቡ እንደ እባብ እየተጣመመ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይሄዳል። ድንጋዩ እጅግ ጠንካራ ጥንታዊ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ለመሮ አልተመቸም፣ እንደተገኘ ነው የተካበው። በሩን ስታልፉ ፊት ለፊት የምታገኙት ሰፊና ቀጥ ያለ ደረጃ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። ጎን ላይ ያለውን አሮጌውን መንገድ ፈልጉ። ጠባብ ነው፣ ቁልቁል ያያችኋል፣ ቋጥኙ እግር ያስራል። ጋሻ ይዞ በዚያ መሮጥ እንደማይቻል ሁለት እርምጃ ሳትሄዱ ይገባችኋል። ጥር መጨረሻ ላይ ከደረሳችሁ የቼሪ አበባው ጉርሻ ነው።

ቀጥሎ ዛኪሚ፣ ወደ ናሃ መመለሻ ላይ ነው። ጎሳማሩ በ1420 ገደማ ያሠራው። ድንጋዩን ከቀድሞ መኖሪያው ከያማዳ ግንብ ሰዎች ተሰልፈው እጅ በእጅ እየተቀባበሉ አመጡት ይባላል። መሬቱ ልል ቀይ አፈር ስለሆነ ካቡ በጣም ወፍራምና ጠመዝማዛ ነው። የበሩ ቅስት ስር ቆማችሁ ቀና በሉ፤ ሁለቱ ወገን የሚገናኙበት ቦታ ላይ አንዲት ሽብልቅ ድንጋይ ተወትፋለች።

ሦስተኛው ናካጉሱኩ ነው። ጊዜያችሁን ሁሉ እዚህ አፍስሱት። በ1440 ገደማ ንጉሡ ጎሳማሩን ወደዚህ አዛወረው። ግንቡ ስድስት ግቢ አለው፣ ብዙው ከእሱ በፊት የተሠራ ነው፣ እሱ ጨመረበት። እና የቱ የማን እንደሆነ ከካቡ ማንበብ ይቻላል። ሰው የሚሳሳተው ራቅ ብሎ መላውን ግንብ ለማየት ሲሞክር ነው። ከሩቅ ሁሉም ግራጫ ነው።

ተጠጉ፣ ክንድ እስኪቀር። የፋሲልን ግንብ የለመደ ዓይን በድንጋዮቹ መሃል ኖራ ይፈልጋል፤ እዚህ የለም፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ መጋጠሚያውን በዓይናችሁ ተከተሉ። ድንጋዩ ያልተጠረበ፣ ክፍተቱ በጠጠር የተሞላ ከሆነ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ናኪጂን ላይ ያያችሁት። መጋጠሚያው እንደ ተሰመረ መስመር አግድም ከሄደና ድንጋዮቹ አራት ማዕዘን ከሆኑ ሁለተኛው ነው፤ አንደኛውና ሁለተኛው ግቢ እንደዚያ ናቸው። አሁን ወደ ሦስተኛው ግቢ እለፉ። መስመሩ ይጠፋባችኋል። እያንዳንዱ ድንጋይ አምስት ስድስት ጎን ሆኖ ተጠርቦ፣ ከጎረቤቱ ጋር ተቆላልፎ ተቀምጧል። አንዱ ሲጫን ሌላው ይይዘዋል። ይሄ የጎሳማሩ ነው።

ሰዓቱን ምረጡ፤ ጠዋት ወይም ወደ ማታ። ብርሃን በጎን ሲመታ መጋጠሚያው ጥላ ይጥላል፣ በቀትር ግን ሁሉም ይለሰናል። ጥላ ያለበት ቦታ የስልካችሁን መብራት ካቡን አስጠግታችሁ በጎን አብሩት፣ ይበቃል። ድሮን የሚባለውን ነገር ተዉት፣ ፈቃዱ ያደክማል፣ ከላይ ደግሞ የካብ ዓይነት አይታይም። የአሜሪካው ኮሞዶር ፔሪ ሰዎች በ1853 እዚህ መጥተው ሲለኩ መቼ ድሮን ነበራቸው!

ሳትወጡ ባሕሩን ተሻግራችሁ ወደ ሰሜን ምሥራቅ እዩ። እዚያ ማዶ ካትሱረን አለ፣ ቀጣዩ ማረፊያችሁ። ጌታው አማዋሪ የንጉሥ ሾ ታይክዩን ልጅ ያገባ አማች ነበር። የጎሳማሩ ልጅ ደግሞ የንጉሡ ሚስት ነበረች። በቤተ መንግሥቱ ታሪክ መሠረት አማዋሪ "ጎሳማሩ ሊያምጽ ነው" ብሎ ነገር ሠራበት። በ1458 የንጉሡ ጦር ሲመጣ ጎሳማሩ ጌታዬን አልወጋም ብሎ ራሱን አጠፋ። ወዲያው የአማዋሪም ተራ ደረሰ፤ ሊያምጽ ሲል ሚስቱ ልዕልቷ ሸሽታ ለአባቷ ነገረች፣ ካትሱረንም ተደመሰሰ።

ይህን ታሪክ የጻፉት አሸናፊዎቹ ናቸውና እኔ በጥርጣሬ ነው የማነበው። በጥንቱ የሪዩክዩ መዝሙር ስብስብ፣ በኦሞሮ ሶሺ ውስጥ፣ አማዋሪ የሚሞገስ ጌታ ነው። ሁለት ኃያላን ጌቶች ባንድ ዓመት ጠፍተው የተጠቀመው ንጉሡ አይደል? ካትሱረን የንግድ ቦታም ነበር፤ ከቁፋሮው የሮም ዘመን የመዳብ ሳንቲሞች መገኘታቸው በ2016 ሲነገር ብዙዎች ተደንቀዋል። አቀበቱ ልብ ያወልቃል፣ ቀስ ብላችሁ ውጡ።

በየግንቡ ውስጥ ትንንሽ የድንጋይ መሠዊያና የዕጣን ማጨሻ ታያላችሁ። የሞተ ቅርስ አይደለም፣ ሰው እስካሁን ይጸልይበታል። አትቀመጡበት፣ አትንኩት፤ የሚጸልይ ካለ ካሜራውን አውርዱና ዞር በሉ።

አሁን ሹሪ። ግንቡ በ1453፣ 1660፣ 1709፣ 1945 እና 2019 ተቃጥሏል ወይም ወድሟል። በ1945 የጃፓን 32ኛ ጦር ዋና መምሪያ ከሥሩ ዋሻ ቆፍሮ ገብቶ ስለነበር ነው የተመታው። ቀዩ አዳራሽ እንግዲህ ደጋግሞ የተሠራ ነው፤ ቅርስ ተብሎ የተመዘገበው ከሥሩ ያለው የጥንቱ መሠረት ነው። ካቡን ማንበብ ሳትለምዱ ከመጣችሁ የምታዩት ቀለሙን ብቻ ነው፣ ለዚህ ነው መጨረሻ ያልኳችሁ። ከዚያ በእግር ወደ ታማኡዱን ውረዱ፣ በ1501 የተሠራው የነገሥታቱ መቃብር ነው። መኪናውን ለዚህ ቀን አትከራዩት፣ ሞኖሬሉ ይበቃችኋል።