ለቡና ጨዋታ የሚሆን ኅብረ ቃል እንዴት ይሠራል?

በመጀመሪያ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ያዙ፤ ኅብሩ እሱ ነው። ከሩቅ አታምጡት። ጂማ ውስጥ ቡና እየተቆላ የተቀመጠ ሰው ምጣዱን ማየት ይበቃዋል፤ “ቆላ” የቡናም ሥራ ነው፣ የሞቃት አገርም ስም ነው። መዝገበ ቃላት አገላብጡ የሚሉ አሉ፤ እኔ የእናቶችን ወሬ ማዳመጥ ይበልጣል እላለሁ።

ቀጥሎ ሰሙን ሥሩ። አንጥረኛ ቅርጹን በሰም ያወጣል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ካስወጣ በኋላ ወርቁን ያፈስበታል። ሰሙ ከተጣመመ ወርቁም ይጣመማል። ስለዚህ ላይ ላዩን የሚሰማው ወሬ ራሱን ችሎ ይቁም። “ወንድምህስ?” ሲሏችሁ፦ “ቡና አምሮት ከደጋ ወርዶ ቆላ።” ሰሙ መንገደኛ ነው፤ ወርቁ ምጣዱ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ከዚህ በኋላ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። “ማር አለ” ብላችሁ ጻፉ። “ለ” ሲጠብቅ ማር መኖሩን ይነግራል፤ ሲላላ አንድ ሰው “ይቅር በል” ማለቱን። ወረቀት ሁለቱንም ይይዛል፤ አፍ ግን አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል።

ይህን ሳላውቅ ከጎረቤቱ ጋር የተኳረፈ ሰው ቤት ለእርቅ ሄድኩ። ሌሊቱን የጻፍኩትን “ማር አለ” ቡናው ሲቀርብ ተናገርኩት፤ ምላሴ “ለ”ን አጠበቀው። የቤቱ እመቤት ማር የጠየቅኩ መሰላት። ቤት ውስጥ ማር አልነበረም። በማር በታወቀ አገር እንግዳን “የለም” ማለት ከብዷት ፊቷ ተለወጠ፤ የእርቁ ነገርም ለሌላ ቀን ተላለፈ። ያን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ ለአፍ የምትሠሩትን ወረቀቱን አስቀምጡና ጮክ ብላችሁ በሉት። በሁለቱም ትርጉም ድምፁ አንድ ከሆነ ውሰዱት፤ “ቆላ” በሁለቱም “ላ” ይጠብቃል። “ገና”፣ “ዋና”፣ “ሰፊ” የመሳሰሉት ግን ሲጠብቁና ሲላሉ ትርጉማቸው ይለወጣል፤ ለደብዳቤና ለስልክ መልእክት አቆዩአቸው።

ጂማ ላይ ሌላም በር አለ። “ኑ” በአማርኛ መጥሪያ ነው፤ በኦሮምኛ “እኛን” ማለት ነው። ሁለቱን ቋንቋ የሚሰማ ሰው ካጠገባችሁ ካለ እንዲህ ያለውን ሞክሩ፤ ከሌለ ግን ተዉት።

በሰው ስም አትጫወቱ። አቦል ላይም አትቸኩሉ፣ ሰው ገና ሰላምታ ላይ ነው። ቶናው ሲቀዳ አንድ ጊዜ ተናገሩና ስኒያችሁን አንሡ።