ጭልፊትንና የሌሊት ወፍን ሲያወዳድሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ከእንስሳት ሁሉ ፈጣኑ ማን ነው?» የሚል ክርክር ሲነሳ ሁለቱ አይቀሩም። አንዱ ፔሬግሪን የሚባለው ጭልፊት ነው። ሌላዋ ቴክሳስ ውስጥ በዋሻ የምትኖረው የሜክሲኮ የሌሊት ወፍ ናት። ክርክሩ ግን ብዙ ጊዜ ከመነሻው የተበላሸ ነው።

ትልቁ ስህተት ቁልቁል መወርወርንና አግድም መብረርን መቀላቀል ነው። ጭልፊቱ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚፈጥነው ከላይ ክንፉን አጥፎ ሲወረወር ነው። የመሬት ስበት ያግዘዋል። አግድም ሲበር ግን ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። የሌሊት ወፏ 160 ኪሎ ሜትር የተመዘገበላት ግን አግድም ስትበር ነው። ያውም 12 ግራም ገደማ የምትመዝን ፍጥረት! ስለዚህ «300 ከ160 ይበልጣል፣ አለቀ» አያስኬድም።

ዋንጫውን ወዲያው ለእሷ መስጠትም ያው ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ በሆነው ጥናት ተመራማሪዎቹ የሌሊት ወፎቹ ጀርባ ላይ ትንሽዬ የሬዲዮ ማሰራጫ ለጥፈው በአውሮፕላን ተከታተሏቸው። የተለካው ፍጥነት ከመሬት አንጻር ነው። ከኋላ የሚገፋ ነፋስ ካለ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ተመራማሪዎቹ የነፋሱን ነገር አስበውበታል። ሌሎች ባለሙያዎች ግን ነፋሱ የተለካው የሌሊት ወፎቹ በበሩበት ቦታና ሰዓት አይደለም ብለው ይጠራጠራሉ። እኔም 160ን ጥያቄ ምልክት አስከትዬ ነው የምጽፈው።

ሌላው «ክንፍ ያው ክንፍ ነው» ማለት ነው። የጭልፊቱን ክንፍ ስፋት የሚሰጡት ላባዎች ናቸው። የሌሊት ወፏ ክንፍ ግን እጇ ነው። አራት ጣቶቿ እንደ ዣንጥላ ሽቦ ረዝመው ቆዳ ተወጥሮባቸዋል። አውራ ጣቷ ጥፍሯን ይዛ ነጻ ሆና ትቀራለች። ጣቶቿን ባጠፈች ቁጥር የክንፏ ቅርጽ ይለወጣል።

«አታይም» የሚባለውም ተረት ነው። ታያለች። በጨለማ ደግሞ ድምፅ ልካ የገደል ማሚቶውን ትሰማለች። ወፍም አይደለችም፤ ወልዳ ታጠባለች።

የመጨረሻው፣ ፈጣኑ ሁሌ ይበላል ብሎ ማሰብ ነው። ሳን አንቶኒዮ አጠገብ ካለው ብራከን ዋሻ አመሻሹ ላይ የሌሊት ወፎች በሚሊዮን ሆነው ይወጣሉ። አዳኝ አሞሮችም ይጠብቋቸዋል። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በቪዲዮ የተጠኑት የስዌንሰን ጭልፊቶች (ከፔሬግሪን የተለዩ ናቸው) እንዲህ ባለው መንጋ ውስጥ አንዷን መርጠው አያሳድዱም። መንጋው መሃል ወዳለ አንድ ነጥብ ቀጥ ብለው ይገባሉ፤ መንገዳቸው ላይ የተገኘችውን ይቀልባሉ።