አሮጌ ቮልስ ሲነካካ ዋጋው የሚወድቀው የት ላይ ነው?

ጎንደር ፒያሳ ዳር የቆመ ንጹህ አሮጌ ቮልስ አይቶ ዞር የማይል የለም። ገዢ ግን ዙሪያውን ይዞራል። ሰፊ ቸርኬ፣ የሚያብረቀርቅ ቀለም፣ ትልቅ ስፒከር ለባለቤቱ ማሳመሪያ ነው፤ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህ በመፍቻ ተፈትቶ ይመለሳል ወይስ ላሜራ ተቆርጦለታል?» ብሎ ነው።

መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ምን እንደነበረ ይወቁ። የኋላ መቀመጫውን ቢያነሱ መሀል ላይ ባለው ጉብታ የሻንሲ ቁጥሩ ተመትቶ ያገኙታል። ከ1965 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. ሞዴል ባሉት ቮልሶች ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ዘጠኝ አሃዝ ነው፤ በ11 ይጀምርና ሦስተኛው አሃዝ ዓመቱን ይናገራል። 117 ካለ የ1967 ሞዴል ነው። ፋብሪካው የሞዴል ዓመቱን የሚጀምረው ነሐሴ አካባቢ ስለነበር በ1966 መጨረሻ የተሠራም 117 ይላል፤ ይህ ማጭበርበር አይደለም። የሞተር ቁጥሩ ከዲናሞው መቆሚያ ሥር ነው፦ በላቲን ፊደል ዲ ካለ 1200፣ ኤፍ 1300፣ ኤች 1500 ሲሲ። ሁለቱንም ከሊብሬው ጋር ያስተያዩ። ሞተር መለወጡ ብቻውን መኪናውን አይገድለውም፤ ሊብሬው ላይ ሳይስተካከል መቅረቱ ግን ሽያጩን ያስቆማል።

ትልቁ ገንዘብ ያለው ላሜራው ላይ ነው። የቮልስ ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው መከለያ) በብሎን የታሰረ ስለሆነ የተለጠጠም ቢሆን በኦሪጅናሉ ይተካል። ለሬዲዮ የተቆረጠ ዳሽቦርድ ወይም ለመስኮት የተቀደደ ጣሪያ ግን መመለሻ የለውም። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በበሮቹ ግርጌና በመስኮቶቹ ዙሪያ ያስኪዱት። ላላ ካለ ሥሩ ስቱኮ ነው። ከዚያ ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ባትሪውን አንስተው ወለሉን በጣትዎ ይጫኑ፤ የባትሪ አሲድ በመጀመሪያ የሚበላው እዚያ ነው፣ የጎንደር ክረምት ደግሞ የቀረውን ይጨርሰዋል። አዲስ ምንጣፍ የተነጠፈበትን ቮልስ ምንጣፉን ሳያነሱ አይግዙ።

ቸርኬ ላይ ብሎኖቹን ይቁጠሩ። የድሮዎቹ አምስት ብሎን በ205 ሚሊሜትር ክብ፣ በኋላ የመጡት አራት በ130 ናቸው። ሌላ ቸርኬ እንዲገባለት የፍሬን ከበሮው አዲስ ቀዳዳ ተበስቶለት ካገኙ የከበሮውን መለወጫ ከዋጋው ላይ ይቀንሱ፤ ጉዳዩ የመልክ ብቻ አይደለም፣ ወደ አዘዞ ቁልቁል ሲወርዱ ያ ከበሮ ነው የሚይዝዎት።

ባለ 6 ቮልቱን ወደ 12 ማሳደግ ብዙም ዋጋ የማይቀንስ ለውጥ ነው፤ ማታ ለማየት እንዲያውም ይጠቅማል። የሚለወጡት ባትሪ፣ ዲናሞና ሬጉሌተር፣ ኮይል፣ የፍሬቻ ሪሌ፣ የዝናብ መጥረጊያ ሞተርና አምፖሎቹ በሙሉ ናቸው። የ6 ቮልት ገመድ ወፍራም ስለሆነ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ገመድ የቆረጠ ኤሌክትሪሺያን ከለውጡ ይልቅ ዋጋ ያወርዳል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የዳሽቦርዱ ትንሿ አምፖል ነች፤ ወዲያው ትቃጠላለች። የድሮው የሞተር ማስነሻ በ12 ቮልት ይሠራል፣ ግን ረጅም ከተያዘ ይቃጠላል።

ካንዴላው ጠቁሮ ከወጣ «ትልቅ ካርቡራተር እንግጠምለት» የሚል አይጠፋም። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ነች፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ትልቅ ካርቡራተር ያባብሰዋል። ዋናውን ጂግለር (ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነውን ባለ ቀዳዳ ብሎን) አንድ ደረጃ አሳንሰው ይሞክሩ፣ ለምሳሌ 125 የነበረውን በ120። ለዚህ የሚወጣው ጥቂት ብር ነው፣ በአሥር ደቂቃም ይመለሳል።

የፈቱትን ሁሉ አይጣሉ። ጂግለሩን፣ ዲናሞውን፣ የድሮውን ቸርኬ ግሪስ ቀብተው በላስቲክ ይጠቅልሉና ከየትኛው መኪና መቼ እንደወጣ ጽፈው በካርቶን ያስቀምጡ። የሚሸጡ ቀን ካርቶኑን ከመኪናው ጋር ያቅርቡት።