ኦቶማቲክ ማስታንግ ላይ የዲፈረንሻል ማርሽ ከመቀየራችሁ በፊት የካምቢዮውን ሙቀት ለኩ

ከ2011 እስከ 2014 የተሠራ ማስታንግ ጂቲ በኦቶማቲክ ካምቢዮ የገዛ ሰው ትንሽ ቆይቶ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ዲፈረንሻሉን 4.10 ላድርገው?» መልሴም አንድ ነው፤ ተው። እኔም የምነዳው የ2013 ጂቲ ስለሆነ ከምቀኝነት አትቁጠሩት።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 4.10 የዲፈረንሻሉ ማርሽ ሬሾ ነው፤ ጎማው አንዴ ሲዞር ከካምቢዮው የሚመጣው ዘንግ 4.10 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ካምቢዮው ሲክስ አር ኤይቲ የሚባለው የፎርድ ባለ 6 ማርሽ ነው። አንደኛ ማርሹ 4.17 ነው። ዲፈረንሻሉ ከፋብሪካ ሲመጣ 3.15 ነው። ሁለቱን ስታባዙ 13.1 ታገኛላችሁ። የማንዋሉ አንደኛ ማርሽ ግን 3.66 ብቻ ነው። ማንዋል የሚነዳው ጓደኛችሁ 3.73 አስገብቶ ሲፎክርባችሁ እሱ ያለው 13.7 ነው። እናንተ ምንም ሳትነኩ አጠገቡ ናችሁ ማለት ነው። 4.10 ብታስገቡ 17.1 ይሆናል። ያኔ አንደኛ ማርሽ ጎማ ከማቃጠል በቀር ብዙ ሥራ አይኖረውም፤ መኪናው ገና ሳይነሳ ወደ ሁለተኛ ይሄዳል።

ስለዚህ ምርጫው በ3.55 እና በ3.73 መካከል ነው። በየቀኑ ፍሪዌይ ላይ ለሚውል ሰው 3.55 እመክራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ድራግ (አጭር የቀጥታ መስመር ውድድር) ለሚወጣ 3.73። በፋብሪካው 19 ኢንች ቸርኬና ጎማ፣ በ6ኛ ማርሽ 70 ማይል ስትነዱ ሞተሩ በ3.15 በደቂቃ ወደ 1,900 ዙር ይዞራል። በ3.55 ወደ 2,130፣ በ3.73 ደግሞ ወደ 2,240 ይወጣል። ነዳጁ ላይ ትንሽ ይሰማችኋል፤ ጆሯችሁ ላይ ግን የበለጠ። ባለቤቴ ለውጡን ያወቀችው በማርሚታው ድምፅ ነው፤ አስተያየቷን እዚህ አልጽፈውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። ጁላይ 7 ቀን 2024 ከተማችን 120 ፋራናይት፣ ማለትም ወደ 49 ሴልሺየስ ገብታለች። አስፋልቱ ደግሞ ከዚያ በጣም ይብሳል። እንዲህ ባለ አገር ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ የዲፈረንሻሉን ማርሽ ተዉትና የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ግዙ። ለሁለቱም የሚበቃ ከሆነም ማቀዝቀዣው ይቅደም።

የካምቢዮ ሙቀት በብዛት የሚመጣው ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በዘይት ከሚያገናኘው ከቶርክ ኮንቨርተሩ ነው። ሞተሩና ካምቢዮው በዘይት ብቻ ተያይዘው ሲዞሩ አንዱ ከሌላው ይፈጥናል፤ ያ ልዩነት በሙሉ ሙቀት ይሆናል። ሎክአፑ፣ ማለትም ሁለቱን በቀጥታ የሚቆልፈው ክላች፣ ሲይዝ ልዩነቱ ይጠፋል፣ ሙቀቱም ይወርዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። ጠንከር ያለ (ቁጥሩ ከፍ ያለ) ዲፈረንሻል ኮንቨርተሩን ስለሚያግዘው ከተማ ውስጥ ሙቀቱን ሊቀንስ ይችላል። ካምቢዮ የሚያቃጥለው አዲሱን የዲፈረንሻል ማርሽ ካስገባችሁ በኋላ በየትራፊክ መብራቱ የምትሠሩት ሥራ ነው።

ርካሽ የብሉቱዝ ኦቢዲ መሰኪያ (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ) ግዙና የካምቢዮ ዘይት ሙቀት የሚያሳይ አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ምንም ሳትቀይሩ እንደ ልማዳችሁ እየነዳችሁ ቁጥሩን ተከታተሉ። ከ175 እስከ 210 ፋራናይት (ከ79 እስከ 99 ሴልሺየስ) መደበኛ ነው፤ አትጨነቁ። 220 ላይ ልብ በሉ። 240 (116 ሴልሺየስ) ላይ እግራችሁን ከነዳጁ አንሱ። 260 ሲደርስ ጎማ ማኅተሞቹ መድረቅ ይጀምራሉ፤ እነሱን ለመቀየር ደግሞ ካምቢዮው መውረድ አለበት።

የእኔ መፈተኛ ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ላይ ምሳ በልቼ ስመለስ የማገኘው የአይ 15 ዳገት ነው። ቤከር ላይ ያ 134 ጫማ የሚረዝመው ቴርሞሜትር አለ፤ ቁመቱ በ1913 ዴዝ ቫሊ ላይ ለተመዘገበው 134 ፋራናይት መታሰቢያ ነው። ከእሱ ሥር ተነስታችሁ እስከ ሃሎራን ሰሚት ወደ 3,000 ጫማ ገደማ ትወጣላችሁ። ኤሲ በርቶ፣ ሻንጣ ሞልቶ፣ በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ይህን ዳገት ከ220 በታች የወጣ ካምቢዮ ደህና ነው። ካልወጣ የዲፈረንሻል ማርሽ ለመቀየር ገና ናችሁ። ዳገቱ ላይ ካምቢዮው በ5ኛና በ6ኛ መካከል ሲዋልል ካያችሁ ራሳችሁ ዝቅ አድርጉለት። የ2013 እና የ2014ቱ ሰሌክትሺፍት (ማርሽ በእጅ መምረጫ) ስላላቸው ማርሹ እጃችሁ ላይ ነው። ሞተሩ ቢጮህም ሎክአፑ ስለሚይዝ ዘይቱ ይቀዘቅዛል።

ማቀዝቀዣ ስትገዙ ሳህን የተደራረበ የሚመስለውን ዓይነት ምረጡ። ቱቦና ክንፍ ያለው ርካሹ ለዚህ ሥራ አይበቃም። የፋብሪካውን ማቀዝቀዣ አታውጡ። አዲሱን ከእሱ ቀጥሎ፣ ዘይቱ ወደ ካምቢዮው በሚመለስበት መስመር ላይ አስገቡት። እዚህ በረሃ ውስጥም ክረምት ሌሊቱ ስለሚበርድ ዘይቱ ሲበርድ በማቀዝቀዣው ሳይገባ እንዲያልፍ የሚያደርግ ባለ ቴርሞስታት መተላለፊያ ቢኖረው ይሻላል፤ ዘይት ከመጠን በላይ ቢቀዘቅዝም ለካምቢዮው ጥሩ አይደለም።

ሲገጠም ከኤሲው ኮንደንሰር ፊት ግማሽ ኢንች ያህል ክፍተት ይኑረው፤ ኮንደንሰሩንም ሙሉ በሙሉ አይሸፍን። ቬጋስ ላይ ኤሲ የሌለው መኪና ወንበር ያለው ምድጃ ነው። በራዲያተሩ ክንፎች መካከል በሚያልፉ የፕላስቲክ ማሰሪያዎች አትስቀሉት። ንዝረቱ ቀስ በቀስ ቀዳዳ ይበሳል። በብረት መያዣ ከመኪናው አካል ጋር እሰሩት። የዘይት መግቢያና መውጫው ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ይሁን፤ ሁለቱም ወደ ታች ከዞሩ አየር ውስጡ ይታሰራል። ጎማ ቱቦው ለካምቢዮ ዘይት የተሠራ መሆን አለበት። የውኃም የነዳጅም ቱቦ ሙቀቱን አይችለውም።

ዘይቱ መርኮን ኤልቪ ነው። የድሮው መርኮን ፋይቭ ስሙ ቢመሳሰልም አይተካውም። አዲሱ ማቀዝቀዣ ተጨማሪ ዘይት ስለሚይዝ መጠኑን እንደገና መለካት ግድ ነው። መለኪያዋን ከኮፈኑ ሥር አትፈልጉ፤ አጭር ናት፣ ከመኪናው ሥር ካምቢዮው ላይ በብሎን የተዘጋች። የምትለኩት ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ መመሪያው በሚለው ሙቀት ላይ ሲደርስ ነው። ኦቢዲው እዚህም ይጠቅማል። ጭስ ማውጫው አጠገብ ስለሆነ ጓንት አድርጉ፤ መኪናው በክሪክ ብቻ ቆሞ ከሥሩ አትግቡ።

የዲፈረንሻሉን ማርሽ መቀየር ራሳችሁ ግቢ ውስጥ አትሞክሩት። ኮሮናና ፒኞን (የዲፈረንሻሉ ሁለት ጥርሳም ማርሾች) መግጠም በሺህኛ ኢንች የሚለካ ሥራ ነው። ለመካኒኩ ሦስት ጥያቄ አቅርቡለት። በኮሮናውና በፒኞኑ ጥርሶች መካከል የሚተወው ክፍተት ስንት ነው? (ብዙውን ጊዜ ከ0.008 እስከ 0.012 ኢንች ነው፤ ከማርሹ ጋር የመጣው ወረቀት ግን ይበልጣል።) ጥርሶቹን ቀለም ቀብቶ ንክኪውን ፎቶ ያነሳላችኋል? ኩሽኔታዎቹንስ አብሮ ይቀይራል? በሦስተኛው ጥያቄ «አሮጌው ይበቃል» ካላችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ዲፈረንሻሉ ሊሚትድ ስሊፕ (አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚገታ) ስለሆነ ዘይቱ ላይ የፍሪክሽን ማስተካከያው መጨመሩንም አረጋግጡ።

ኮምፒውተሩ አዲሱን ሬሾ እስኪነገረው ድረስ አያውቅም። ሳይስተካከል 3.73 ገብቶ ብትነዱት በእውነት 60 ማይል ስትሄዱ የፍጥነት መለኪያው 71 ይላል። ይህ ብቻ ቢሆን እንደ ቀልድ በታለፈ። ግን ካምቢዮው ማርሽ የሚቀይርበትና ሎክአፑ የሚይዝበት ሰዓትም በዚያው የተሳሳተ ፍጥነት ይሰላል፤ ስለዚህ ሙቀቱ ተመልሶ ይመጣል። ማስተካከያው በዚያው ቀን ይሠራ።

ድራግ የምትወጡ ደግሞ መነሻው ላይ ፍሬን ረግጣችሁ ነዳጅ እየሰጣችሁ አትቆዩ። ኮንቨርተሩ በሰከንዶች ውስጥ ዘይቱን ያፈላዋል። ሮጣችሁ ስትመለሱ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉት። ኮፈኑን ከፍታችሁ በኒውትራል ጥቂት ደቂቃ ይሥራ፤ ዘይቱ በማቀዝቀዣው ውስጥ ይዙር። ቁጥሩ ከ200 በታች ሳይወርድ ወደ ሰልፉ አትመለሱ፤ ከኋላ ያለው ሰው ጥሩምባ ቢነፋም።

አዲስ የዲፈረንሻል ማርሽ መጀመሪያ ይለማመድ። ከ15 እስከ 20 ማይል ያህል ቀስ ብላችሁ ንዱትና እስኪቀዘቅዝ አቁሙት፤ ይህንን ደጋግሙት። እስከ 500 ማይል ድረስ ሙሉ ነዳጅ የለም፣ ድራግ የለም፣ ተጎታች የለም። 500 ሲሞላ የዲፈረንሻሉን ዘይት ቀይሩ። የሚወጣው ዘይት እንደ ብር ዱቄት ቢያብረቀርቅ የሚጠበቅ ነው። በጣት የሚለቀም የብረት ስባሪ ካለ ግን ሽፋኑን ሳትመልሱ ለገጠመላችሁ ሰው ደውሉለት።